የማይነር ሊግ ሾርትስቶፕ እንዴት ይመዘናል?

ሾርትስቶፕ በቤዝቦል ሜዳ ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በተራ በሚረግጧቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆም ተከላካይ ነው። አብዛኞቹ መቺዎች ቀኝ እጅ በመሆናቸው መሬት ለመሬት የሚሄደው ኳስ በብዛት ወደ እሱ በኩል ያዘነብላል። ቡድኖችም ቀልጣፋ ታዳጊ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያቆሙት እዚህ ነው፤ በ16 ዓመታቸው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬንዙዌላ ከሚፈርሙት ልጆች ብዙዎቹ የሚመዘገቡት በሾርትስቶፕነት ነው። ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው የሰሜን አሜሪካ ሊግ፤ ማይነር ሊግ ከሱ በታች ተጫዋቾች የሚያድጉባቸው እርከኖች ናቸው) ሲደርሱ በቦታው የሚገኙት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ መልማዮች ስለ አንድ ልጅ ሲነጋገሩ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «እዚያው ይቆያል ወይ?» የሚል ነው። መካከለኛ መቺ ሾርትስቶፕ ከሆነ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ያው ልጅ ወደ ግራ ሜዳ (ከውስጠኛው ሜዳ ኋላ በግራ በኩል ወዳለው ቦታ) ከተዛወረ ግን ቋሚ ተሰላፊ ለመሆን እንኳ ይቸገራል።

ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ክለብ በማይነር ሊግ በአራት እርከን አራት ቡድኖች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ፦ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ እና ትሪፕል-ኤ። በድምሩ 120 ቡድኖች ማለት ነው። ከነዚህ በታች በአሪዞና፣ በፍሎሪዳና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የጀማሪዎች ሊጎች አሉ። መልማዩ መምታትን፣ ጉልበትን፣ ፍጥነትን፣ ክንድንና መከላከልን ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይመዝናል፤ 50 የሜጀር ሊግ አማካይ ነው። ለእያንዳንዱ ችሎታ የዛሬው ነጥብና ወደፊት ይደርስበታል የሚባለው ነጥብ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። የ19 ዓመት ልጅ በመምታት 30 እና 55 ቢሰጠው አያስደንቅም።

መከላከል ላይ ዋናው ፈተና ወደ ሦስተኛው ቤዝ አቅጣጫ በጥልቀት የሚመታው ኳስ ነው። ተጫዋቹ ወደ ቀኙ ሮጦ፣ ጓንቱን አገላብጦ ይይዝና ቀኝ እግሩን ተክሎ ወደ 38 ሜትር ያህል መወርወር አለበት። አማካይ ፍጥነት ያለው ቀኝ መቺ አንደኛው ቤዝ የሚደርሰው በ4.3 ሰከንድ ገደማ ነው። በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ ያን ርቀት በአንድ ሰከንድ ገደማ ይሸፍናል፤ በ120 የሚወረወረው 0.14 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በዚህች ቅጽበት ሯጩ አንድ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ብዙ ጨዋታ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ልዩነት ይወሰናል። ልምድ ያለው መልማይ ታዲያ ከክንዱ በፊት እግሩን ያያል። የመጀመሪያ እርምጃው ኳሱ ዱላውን ሲነካ ካልተነሳ ጠንካራ ክንድ ብቻውን አያድነውም።

የስህተት ብዛት አታላይ ቁጥር ነው። በታችኛው እርከን ሜዳው ሸካራ ሊሆን ይችላል፣ የአንደኛ ቤዝ ተጫዋቹም የተበላሸ ውርወራ ማዳን ገና አልለመደም። በዚያ ላይ ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ልጅ ሌላው የማይደርስበት ኳስ ላይ ደርሶ ሲስት ስህተቱ በእሱ ይመዘገባል። መለየት ያለበት የስህተቱ ዓይነት ነው፤ ተቻኩሎ የሚወረወር ውርወራ በሥልጠና ይስተካከላል፣ ደረቅ እጅና ከባድ እግር ግን እምብዛም አይስተካከሉም። በኋላ የኒውዮርክ ያንኪስ ዝነኛ ሾርትስቶፕ የሆነው ዴሪክ ጂተር በ1993 በታችኛው እርከን ቡድን በግሪንስቦሮ 56 ስህተት ሠርቶ ነበር። በዚያው መኸር በእጁ ጉዳት የተነሳ መምታት ስላልቻለ ልምምዱ በሙሉ መከላከል ላይ ሆነ፤ በ1994 ስህተቱ ወደ 25 ወረደ፣ በአንድ ዓመትም ሦስት እርከን አለፈ። ይሁንና የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ነው የሚለው ትችት እስከ መጨረሻው አልተለየውም። እጁን አስተካከሉለት እንጂ እግሩን አልቀየሩትም።

ዱላውን በተመለከተ የመምታት አማካይ (ከሙከራዎቹ ምን ያህሉን መትቶ ቤዝ እንደደረሰ) ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዕድሜና እርከን አብረው ይነበባሉ፤ በ19 ዓመቱ ደብል-ኤ ውስጥ 0.260 የሚመታ፣ በ23 ዓመቱ ሲንግል-ኤ ውስጥ 0.310 ከሚመታው ይበልጣል። ቀጥሎ የሚታየው ኳሱን ሜዳ ውስጥ ሳይመታ የሚወጣበት (ስትራይክአውት) መጠን ነው። በሲንግል-ኤ ከመቶ 30 የሚወጣ ልጅ የሚታጠፍ ኳስ አይለይም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደብል-ኤ ሲደርስ ደግሞ ወርዋሪዎቹ ያን ኳስ ቆጠራው ለመቺው ሲያደላ እንኳ ይወረውሩታል፣ ብዙ ተስፈኛ የሚቀረውም እዚያ ነው። ይህ ቁጥር ከ60 ያህል ሙከራ በኋላ መረጋጋት ይጀምራል፤ በነጻ ወደ ቤዝ የሚሄድበት መጠን ከ120 በኋላ። የመምታት አማካይ ግን በአንድ ወቅት ሙሉ እንኳ አይረጋጋም፤ ስለዚህ የአንድ ወር ግለት ብዙ ሊያስጮህ አይገባም። ሜዳውም ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጠው የአሜሪካ ከተማ አልበከርኪ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል (አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱማ ምን ሊሆን ነው)፤ እዚያ የተመታ ሆምራን (ከሜዳው አጥር አልፎ የሚሄድ ምት) ተቀናንሶ ይነበባል።

ቦታ የመቀየሩ አካሄድ የታወቀ ነው። ክንዱ ጠንካራ ሆኖ ሰውነቱ እየገዘፈ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ቤዝ ይዛወራል፤ በ1990 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ቀዳሚ ተመራጭ የነበረው ቺፐር ጆንስም፣ ማኒ ማቻዶም በዚያ አልፈዋል። እግሩ ጥሩ ክንዱ ደካማ ከሆነ ሁለተኛ ቤዝ ይጠብቀዋል። 2.01 ሜትር ቁመት ያለው ኦኒል ክሩዝ ደግሞ በ2024 ወደ ሴንተር ፊልድ (ወደ መካከለኛው የኋላ ሜዳ) ተወስዷል፤ ክንዱም ሩጫውም ብርቅ ነው፣ ቀላሉን ኳስ መያዝ ላይ ግን አይታመንም ነበር።

ክለቡ ውሳኔውን ዝም ብሎ ማራዘም አይችልም። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች የፈረመ ልጅ ከአምስት ወቅት በኋላ፣ በ19 ወይም ከዚያ በላይ የፈረመው ከአራት ወቅት በኋላ ክለቡ ሌላ እንዳይወስድበት በሚያስጠብቀው የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር ካልተካተተ በዲሴምበር በሚካሄደው የሩል 5 ምርጫ ሌላ ክለብ በ100,000 ዶላር ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ክለብም ዓመቱን ሙሉ በሜጀር ሊግ ሊያቆየው ይገደዳል፤ ካልሆነ ለቀድሞ ክለቡ መልሶ ማቅረብ አለበት። ሁለትና ሦስት ቦታ የሚሸፍን ልጅ በተጠባባቂነትም ስለሚጠቅም ዝርዝሩ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ክለቦች ሾርትስቶፓቸውን ከደብል-ኤ ጀምሮ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ሁለተኛ ቤዝ ላይ የሚያጫውቱትም ለዚህ ነው።