ሊኑክስ እንደሚወራበት አይደለም

ድሬ ውስጥ ኮምፒውተር ስታክ ማድረግ ከጀመረ ምክሩ ሁለት ነው፤ ወይ ፎርማት አስደርጉት፣ ወይ ሽጡት። የታላቅ እህቴ ላፕቶፕም ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ተጥሎ አቧራ ሲጠጣ ነበር። ራሙ 4 ጊጋ፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10። ማይክሮሶፍት ደግሞ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳናሻግረው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ የእሷ ላፕቶፕ ያ የለውም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩላት፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነጻ ሲስተም ነው፣ ሚንት ደግሞ አንዱ ዓይነቱ። እህቴ አስተማሪ ናት፣ ፈተናዋን ሁሉ አሁን የምታዘጋጀው በሱ ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚለኝ ነገር ይመሳሰላልና አንድ በአንድ ልመልስ።

«የሃከር ነገር ነው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኮድ እየጻፉ ነው የሚሠራው»

አይደለም። ሚንት ስትከፍቱት ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ነው። በማውስ ተጭኖ መክፈት፣ መዝጋት፣ መቅዳት፣ በቃ። እህቴ እስካሁን አንድም ትዕዛዝ ጽፋ አታውቅም። ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ሊኑክስን በየቀኑ ትነኩታላችሁ፤ የአንድሮይድ እምብርት ሊነስ ቶርቫልድስ ገና የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በፈረንጆቹ 1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ነው።

«አማርኛ አይጽፍም»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳይሞክር የሚተወው በዚህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ሊኑክስ ላይ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛ ሴራን ትመርጣላችሁ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። «ድሬ» ለማለት ዲ፣ አር፣ ከዚያ ሺፍት ይዛችሁ ኢ። «ጠ» ሲያስፈልግ ቲን በሺፍት፣ ከዚያ ኢን ያለ ሺፍት። እህቴ መጀመሪያ ቀን ሺፍቱን እየረሳች «ተ»ና «ጠ» ሲምታቱባት ዋሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ጣቷ ለምዶት ኪቦርዱን ማየት ተወች። ለፎንት አቢሲኒካ አለ፣ ኖቶ ኢትዮፒክ አለ፣ ሁለቱም በነጻ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ በወርድ ፋንታ በምንጠቀምበት ሊብሬኦፊስ ሲከፈት ፎንቱ ስለማይገኝ በሌላ ይተካል፣ መስመሩ ይንሸራተታል፣ የሁለት ገጽ ፈተና ሦስተኛ ገጽ ይጀምራል። ስለዚህ ለማተም ስትሄዱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ፒዲኤፍ የትም ቢከፈት ያው ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ደግሞ ፎንታቸው ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ። እሱ ግን ፎንቱ በሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው፣ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም።

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም»

ይሄ እንኳ የደጋፊዎቹ ስህተት ነው። ለሊኑክስም የሚጻፍ ቫይረስ አለ። ቢሆንም እኛን በየቀኑ የሚያሰቃየን የፍላሽ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። አንድ ቀን እህቴ ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፈተና ልታሳትም ፍላሿን ሰካች። ልጁ ስክሪኑን አይቶ «አቦ፣ እዚህ ውስጥ ምንም የለም» አላት። ለካ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ነበረበት፤ ፎልደሮቿን ደብቆ በቦታቸው አንድ ሾርትከት ብቻ አስቀምጧል። ፊቷ አመድ መስሎ ቤት መጣች። ሚንቱ ላይ ስንሰካው ሾርትከቱ ከነቫይረሱ ተራ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል፣ የሚያስነሳው የለም፤ የተደበቀው ፎልደርም ጎኑ ላይ ፍጥጥ ብሎ ታየ፣ ፈተናው ሳይነካ ውስጡ አለ። ቫይረሱን በማውስ አጠፋነው።

«ነጻ ነገር ጥራት የለውም»

የዓለምን 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ብታዩ ከፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ስለ ጥራት ከተነሳ እኔን የሚያሳስበኝ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክራክ ዊንዶውስ ነው፤ ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያረጋግጥላችሁም።

«ኢንተርኔት ይበላል»

የሚወርደው ወደ 3 ጊጋ ነው፣ እሱም አንዴ ብቻ። አንዱ አውርዶ ለሰፈሩ ሁሉ በፍላሽ ቢያድል ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። አፕዴቱንም ሚንት እሺ ሳትሉት አይጭንም።

«ፋይሌ ይጠፋል»

ሊጠፋ ይችላል፣ አልዋሽም። ሲጫን «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሁሉም ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውንም ሰነዱንም ሌላ ቦታ ቅዱ። ከዚያ ሚንትን 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ከፍላሹ አስነሱት፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ፕሪንተሩስ? ሁሉንም ሞክሩ። ካልተስማማችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት ማድረግ ነው፣ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ አለ።

«የሞተ ላፕቶፕ ያስነሳል»

2 ጊጋ ራም ላይ ሚንት ይነሳል፣ ብሮውዘር ላይ አምስት ገጽ ስትከፍቱ ግን መልሶ ያቃስታል። ገንዘብ ካላችሁ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገቡ፤ የእህቴን ላፕቶፕ ከሊኑክሱ እኩል ያፈጠነው እሱ ነው። የድሬን አቧራና ሙቀት ደግሞ ሶፍትዌር አይችለውም፣ ማራገቢያውን አስጠርጉ።

«የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁሉ ይሠራበታል»

አይሠራም። ዋይን የሚባል ነገር አንዳንዱን ያስኬዳል፣ ግን ኑሯችሁ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ አውቶካድ ወይም ፎቶሾፕ ላይ ከሆነ ያንን ኮምፒውተር አትንኩት። ጎረቤታችን የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ የእህቴን ላፕቶፕ አይተው «የኔንም እንደዚህ አድርግልኝ» ሲሉኝ «ጋሼ፣ ፒችትሪ ያለበትን አልነካም» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «የልጄስ?» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት የልጃቸውን ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ይዘው መጡ።