መሃሉ የቱ ነው? በገጽ ቅንብር ጽሑፍና ምስልን በልክ ማስተካከል

አራት ኪሎና ፒያሳ የሕትመት ሥራ ለረጅም ጊዜ የኖረባቸው ሠፈሮች ናቸው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚህ አካባቢ ነው። በትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች ዙሪያ ደግሞ የሠርግ ጥሪ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነርና የምረቃ መጽሔት የሚያዘጋጁ ትንንሽ ቤቶች አሉ። እዚያ ደንበኛው ከዲዛይነሩ ጀርባ ቆሞ ስክሪኑን እያየ ነው የሚያሠራው። አንድ የማይቀር ትእዛዝም አለ፦ «እስቲ ያቺን ጽሑፍ ወደ መሃል አምጣልኝ።»

ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። ግን የምን መሃል? የወረቀቱ፣ የጽሑፉ ክልል፣ የሳጥኑ ወይስ አጠገቡ ያለው ሎጎ? አራቱም የተለያየ ቦታ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ይህን ከራሱ አይገምትም። ጥሩ ዲዛይነር መጀመሪያ የሚወስነውም ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። የብራና ጸሐፊዎች ገጹን በወስፌ ይወጉና ከነጥብ ነጥብ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምሩበታል። ፊደሉ የሚሰለፈው በዚያ ልክ ነው። የታችኛው ኅዳግ፣ ማለትም በጽሑፉና በገጹ ጠርዝ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ይሰፋል። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለው። የገጽ ቅንብር የሚማር ሰው አንዴ ቢያያቸው ብዙ ያተርፋል። በእርሳስ ፊደል ዘመን ደግሞ ፊደል ለቃሚው አርእስትን መሃል የሚያስገባው በግራና በቀኝ እኩል ባዶ ማራራቂያ እየጨመረ ነበር።

ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1985 ሲመጣ ይህ ሥራ ወደ ስክሪን ገባ። ሌላው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን፣ በ1999 ተከተለ። በትንንሾቹ ቤቶች ግን ኮረልድሮው የተባለው የስዕልና የዲዛይን ፕሮግራም በጣም ይወደዳል። አንዱ ምክንያት ፍጥነቱ ይመስለኛል። ከኪቦርዱ የፒ (P) ፊደልን ሲጫኑ የተመረጠው ነገር የገጹ መሃል ላይ ያርፋል። ሲ (C) የተመረጡትን ግራና ቀኛቸውን፣ ኢ (E) ደግሞ ላይና ታቻቸውን በመሃላቸው ያገናኛል። በሺፍት አንድ በአንድ ከተመረጡ ሌሎቹ የሚጠጉት መጨረሻ ወደተነካው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሚፈልገው ሎጎ ከቦታው ተነሥቶ ሲሄድ ግራ ይገባዋል። በኢንዲዛይን ሺፍት እና ኤፍ7 የአላይን (የማስተካከያ) ፓኔሉን ይከፍታሉ። እዚያ ከምን አንጻር እንደሚስተካከል ይመረጣል፦ ከተመረጡት፣ ከአንድ ዋና ነገር፣ ከኅዳጉ፣ ከገጹ ወይም ከጥንድ ገጹ።

የኅዳጉና የገጹ መሃል የሚለያዩት መጽሐፍ ላይ ነው። ኤ5 ገጽ 148 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ መሃሉ 74 ላይ ነው። የውስጡ ኅዳግ 20፣ የውጪው 15 ቢሆን ለጽሑፍ 113 ይቀራል። በቀኝ ገጽ የዚያ መሃል ከግራ ጠርዝ 76.5 ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዓይን በደንብ ይታወቃል። ምዕራፍ አርእስት ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ጋር መሄድ ስላለበት በኔ እምነት ትክክሉ 76.5 ነው። የሽፋን ስሌትም ይለያል። ጀርባው፣ ማለትም የውፍረቱ ጎን፣ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤ5 መጽሐፍ ሽፋን ሲዘረጋ 308 ይሆናል። የፊቱ መሃል ከግራ 234 ላይ ነው። ቁጥሩን በቦታ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ማስገባት በማውስ ከመጎተት ይሻላል። መጀመሪያ ግን ቦታው ከሚለካባቸው ዘጠኝ የማመሳከሪያ ነጥቦች የመሃሉ መመረጡ ይታይ።

ለአማርኛ ዋናው ፈተና ሳጥኑ ነው። ፕሮግራሙ መሃል የሚያስገባው የጽሑፉን ሳጥን እንጂ የሚታየውን የፊደል ቅርጽ አይደለም። በብዙ ፎንት ከመስመሩ በታች ለላቲን ፊደላት ጅራት የተተወ ባዶ ቦታ አለ። አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደላት ደግሞ መስመሩ ላይ ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ሳጥኑ በልክ መሃል ሆኖ ጽሑፉ ወደ ላይ የተሳበ ይመስላል። መጠኑ ከፎንት ፎንት ይለያያል። መፍትሔው ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ሥዕል ቅርጽ መለወጥ ነው፤ በኮረል ኮንትሮል እና ኪው (Ctrl+Q) ነው። ያኔ የሚለካው የፊደሉ ቅርጽ ራሱ ይሆናል። ፎንቱ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ባይኖርም ችግር አይፈጥርም። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ግን እንደገና አይታረምም። የደንበኛው ስም ተሳስቶ ቢገኝ ከባድ ነውና ዋናው ፋይል ለብቻው ይቀመጥ። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ ሳጥኖቹን ትቶ ፊደላቱ የቆሙበትን መስመር ማገናኘት ነው።

መሃል የሆነው አርእስት አሁንም ካጋደለ የአንቀጽ መግቢያ ክፍተት ቀርቶበት እንደሆነ ይፈተሽ። ያ ክፍተት መስመሩን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። በቴሌግራም የሚላኩ ሎጎዎችም ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል የማይታይ ባዶ ቦታ ይዘው ይመጣሉ። ባዶው ሳይቆረጥ ምንም ዓይነት አላይን አያድናቸውም።

ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ዓይን እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። ወደ ቀኝ የሚያመለክት ሦስት ማዕዘን በሳጥኑ ልክ ክብ መሃል ቢገባ ወደ ግራ ያጋደለ ይመስላል፤ ክብደቱ ግራው ላይ ነዋ። ትንሽ ወደ ቀኝ ይገፋል። በባዶ ገጽ ላይ ብቻውን የሚቆም አርእስትም ከልኩ መሃል ጥቂት ከፍ ሲል ነው ያረፈ የሚመስለው። ይህ ማስተካከያ ግን ከልኩ በኋላ መምጣት አለበት። መነሻው ካልታወቀ ምን ያህል እንደተገፋ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ገጽም መድገም አይቻልም።

ከዚያ ወረቀቱ ወደ መቁረጫ ይሄዳል። መቁረጫ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ያለ ነገር ነው። ለዚህም ነው ቀለም እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ የሚሰጠው። የሠርግ ጥሪና ቢዝነስ ካርድ ዙሪያውን ቀጭን መስመር እንዲደረግለት ብዙ ሰው ይጠይቃል። መስመሩ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ካለና ካርዱ በአንድ ከተዛነፈ አንዱ ጎን 1፣ ሌላው 3 ይሆናል። ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ቢገባ ያው መዛነፍ 4 እና 6 ነው የሚሆነው፤ ያን ያህል አያስታውቅም። ደንበኛው መስመሩን የግድ ካለ ወደ ውስጥ አስገቡለት።