የልብ ድካም ታማሚ ወደ ቤቱ ከመሸኘቱ በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ

በልብ ድካም ሆስፒታል የተኛ ሰው የሚያሸና መድኃኒት በደም ሥሩ ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንፋሹ ይረጋጋል፣ የእግሩም እብጠት ይጎድላል። ትራስ ሳይደራርብ መተኛት ሲችል ቤተሰቡ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ነገር ግን እግሩ ሟሽሾም ልቡ ውስጥ ያለው ግፊት ገና ላይወርድ ይችላል። ትርፍ ፈሳሽ ሳይወጣለት የተሸኘ ታማሚ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ የመተኛት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ይህን የተደበቀ ግፊት ለመገመት በዋናነት የሚለካው ቢኤንፒ የተባለው ሆርሞን ወይም አብሮት የሚፈጠረው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በደም ውስጥ ያለው መጠን ነው። ቢኤንፒን የጃፓን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ያገኙት ከአሳማ አንጎል ስለነበር በአንጎል ስም ተጠራ፤ በብዛት የሚያመነጨው ግን ሲለጠጥ የሚጨነቀው የልብ ጡንቻ ነው። ሳኩቢትሪል ያለበት የልብ ድካም መድኃኒት ቢኤንፒ እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ፣ ይህን የሚወስድ ታማሚ በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ቢለካ ይሻላል።

በተለምዶ የሚጠበቀው፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ታማሚው ሲገባ ከነበረው ቢያንስ 30 በመቶ መቀነሱ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከ12,000 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ወደ 8,000 የወረደ ታማሚ መስፈርቱን አልፏል፤ 8,000 ግን አሁንም የሚያስፈራ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል የኩላሊት ድክመት፣ ዕድሜና የተዛባ የልብ ምት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ የሚበጀው ታማሚውን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማነጻጸር ነው። የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ትሮፖኒን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚጠቁመው ክሪያቲኒንና የቀይ የደም ሴሎችን ድርሻ የሚለካው ሄማቶክሪትም አብረው ይታያሉ። ፈሳሹ በደንብ እየወጣ ክሪያቲኒን ትንሽ ቢጨምር ብቻውን የሚያሸናውን መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

ቁጥሩ አደጋ ያለበትን ሰው ይጠቁማል፤ ቁጥሩን ማሳደድ ግን ሕክምና አይደለም። ፕሪማ ሁለት የተባለው ጥናት ሐኪሞች 30 በመቶውን ዒላማ አድርገው እንዲያክሙ ቢያደርግም ሞትንና ዳግም መተኛትን አልቀነሰም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ስትሮንግ-ኤችኤፍ የተባለው ጥናት በሌላ መንገድ ሄደ፤ የልብ ድካም መድኃኒቶቹ በፍጥነት ወደ ሙሉ መጠን እንዲያድጉ ተደርጎ፣ ታማሚዎቹ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት ተመረመሩ። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከመውጫው ልኬት ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ቤታ ብሎከር የተባለው የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት መጠን ሳይጨመር ይቆያል፣ የሚያሸናውን መድኃኒት ማሳደግም ይታሰባል። በዚህ መንገድ ከታከሙት በ180 ቀናት ውስጥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ዳግም የተኙት 15.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ክትትል ከነበሩት 23.3 በመቶ ነበሩ።