የኮማንድ ላይን ፍላጎች እንዴት ይነበባሉ?

ተርሚናል ላይ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥለን የምንጽፋቸው፣ አሠራሩን የሚቀይሩ አጫጭር ምልክቶች ፍላግ ይባላሉ። እነሱን ለይቶ ማንበብ ፓርሰር የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ሥራ ነው።

በዩኒክስና በሊኑክስ የጻፍነው መስመር በቅድሚያ የሚደርሰው ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮግራሞችን ለሚያስነሳው ለሼሉ ነው። ሼሉ መስመሩን ቃል በቃል ይከፋፍላል፣ የጥቅስ ምልክት ያነሳል፣ ኮከብ (*) ካየ በፋይል ስሞች ይተካዋል። ፕሮግራሙ እጅ የሚገባው የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ፕሮግራሙ መስመሩን እንዳለ ይቀበላል፤ ብዙውን ጊዜ የቋንቋው ላይብረሪ ይቆራርጥለታል።

ዝርዝሩ ውስጥ ፍላጉን ከፋይል ስም የሚለይ ማኅተም የለም። ከፍላጉ ፊት የሚጻፈው ሰረዝ (-) ልማድ ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ከነጭራሹ አያውቀውም። ስለዚህ ፓርሰሩ የትኛው ፍላግ ቫልዩ (ለምሳሌ ቁጥር ወይም የፋይል ስም) እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከአንድ ሰረዝ በኋላ ሦስት ፊደል ቢመጣ፣ የተጣመሩ ሦስት ፍላጎች ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቫልዩ የሚፈልግ ከሆነ ግን የቀሩት ሁለቱ የእሱ ቫልዩ ናቸው። የጎ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ደግሞ ሦስቱንም እንደ አንድ የፍላግ ስም ያነባቸዋል።

ልማዱን መልክ ካስያዙት አንዱ ፍላጎችን የሚያነበው ጌትኦፕት የተባለው ፈንክሽን ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ኮዱን በነፃ ለቀቀው፤ በኋላም ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ አካል ሆነ። በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩትን ረጃጅም ስሞች በሰፊው ያስለመደው ጂኤንዩ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነው። ፋይሎችን በአንድ የሚጠቀልለውን ታርን የመሰሉ አንጋፋ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም ያለ ሰረዝ ይሠራሉ።

ለብቻቸው የቆሙ ሁለት ሰረዞች «ከዚህ በኋላ ፍላግ የለም» ማለት ናቸው። ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፣ ግን ዋዛ አይደሉም። በኮከብ ሁሉንም ፋይል ለማጥፋት ስንሞክር ፎልደሩ ውስጥ ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል ካለ ሼሉ ኮከቡን በዚያ ስም ይተካዋል፤ የማጥፊያው ትእዛዝም ፋይሉን እንደ ፍላግ ሊያነበው ይችላል።

የፓይተን ቋንቋ ፍላግ አንባቢ የሆነው አርግፓርስ የረጅም ፍላግ ስም በከፊል ቢጻፍም፣ ከሌላ ጋር እስካልተምታታ ድረስ ይቀበላል። ለሚጽፍ ሰው ይመቻል፤ እኔ ግን ቢዘጋ እመርጣለሁ። በአዲሱ ቨርዥን ተመሳሳይ አጀማመር ያለው ፍላግ ከተጨመረ ሲሠራ የነበረው ስክሪፕት በስህተት ይቆማል።