ለአንድ ሌሊት የተሠሩ፦ የድሮ የሃሎዊን ዕቃዎች ፍለጋና አሰባሰብ

ከወረቀት የተሠራ የዱባ ፋኖስ አለ። ቁመቱ ስንዝር ያህል ነው። ዓይኑና አፉ ላይ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ተለጥፎበታል። ውስጡ ሻማ ሲበራ ፊቱ ይቀላል፣ የሚስቅም ይመስላል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ በሳንቲም ተሸጠ። ዛሬ ደህና ሆኖ ከተገኘ በመቶዎች፣ ብርቅ ከሆነ ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ለምን? ፋኖሱ የተሠራው ለአንድ ሌሊት ስለነበረ ነው። ከጓደኞቹ አብዛኞቹ ተቃጥለዋል፣ በዝናብ ርሰዋል፣ ተረግጠዋል፣ በማግስቱ ተጥለዋል። ለዛሬ የበቃው ካርቶን ውስጥ ገብቶ የተረሳው ነው።

የድሮ የሃሎዊን ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያሳድዱት ይህንን የተረሳ ነገር ነው። የወርቅ ወይም የብር ዕቃ ማንም ይጠብቀዋል። የአምስት ሳንቲም ካርቶን ግን ማንም አልጠበቀውም። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

ሃሎዊን በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልማዱን ወደ አሜሪካ ያመጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገቡ የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። በአገራቸው እንደ ቀይ ሥር ያለ ሥራሥር ፈልፍለው ፋኖስ ያደርጉ ነበር። አሜሪካ ሲደርሱ ዱባ አገኙ። ዱባ ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ያለ ዱባ አይታሰብም። ልጆች የተለያየ ልብስ ለብሰው በር እያንኳኩ ከረሜላ የሚለምኑበት ልማድ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ፣ በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ ነው። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ እያለ የዞረ ሰው የልጆቹን ደስታ ለመረዳት አይቸገርም። የበዓሎቹ መሠረት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለዚህም አሜሪካ ካሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸውን የሚልኩም፣ ከሃይማኖታቸው የተነሳ የማይልኩም አሉ።

ለሰብሳቢዎች ወርቃማው ዘመን ከ1900 እስከ 1930ዎቹ ያለው ነው። ያኔ ሃሎዊን በዋናነት የቤት ግብዣ ነበር። አዋቂዎችም ልጆችም ይሰበሰባሉ፣ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ዕጣ ፈንታቸውን ይገምታሉ። ግብዣ ሲኖር ማስጌጫ ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞ የተረዳው በማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም የነበረው ዴኒሰን የተባለ የወረቀት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የተሸበሸበ ስስ ወረቀት፣ የጠረጴዛ ልብስና በቅርፅ የተቆረጡ ድመቶችና ጠንቋዮች ይሸጥ ነበር። ወረቀቱ ግን ብቻውን አይሸጥም። ሰው ምን እንደሚሠራበት ማወቅ አለበት። ስለዚህ ዴኒሰን በ1909 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ቤት እንዴት እንደሚጌጥ፣ ልብስ ከወረቀት እንዴት እንደሚሰፋ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚያምር የሚያስረዳ ነበር። ከ1912 በኋላ ደግሞ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ከሞላ ጎደል በየዓመቱ አዲስ እትም ያወጣ ነበር። ዛሬ እነዚያ መጽሐፎች ራሳቸው ይታደናሉ። አንድ ድሮ የተቆረጠ ጉጉት ሲገኝ በየትኛው ዓመት እንደወጣ ለማወቅ የሚገለጡትም እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ትልቅ ስም ቢስል ነው። ማርቲን ሉተር ቢስል በ1900 ፒትስበርግ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። በ1907 ወደ ሺፐንስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ ተዛወረ። ፋብሪካው ዛሬም እዚያው አለ። የቢስል መለያ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሲታጠፍ ስስ፣ ሲዘረጋ ግን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የሚያብጥ ወረቀት ነው። ሁለተኛው መገጣጠሚያው ላይ በትንሽ ብረት የተያያዘ፣ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የካርቶን አጽም ነው። ይህ አጽም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በርና መስኮት ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተሰቅሏል። ብዙ አሜሪካውያን ሃሎዊን ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው። የድሮ የቢስል ዕቃ ላይ አንዳንዴ «ኤች ኢ ለርስ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ጀማሪ ሰብሳቢ የሌላ ፋብሪካ ሥራ መስሎት ያልፈዋል። የቢስል ነው።

ጀርመኖቹ ግን ሌላ ደረጃ ላይ ነበሩ። በቱሪንጊያ ግዛት፣ በተለይ በዞነበርግ ዙሪያ፣ መጫወቻ መሥራት የቤተሰብ ሥራ ነበር። አባት ቅርፁን ያወጣል፣ እናት ቀለም ትቀባለች፣ ልጆች ይለጥፋሉ። ወረቀት ከሙጫ ጋር ተቦክቶ በቅርፅ ማውጫ ይጨመቃል። ሲደርቅ በእጅ ቀለም ይቀባል። በዚህ ዘዴ ፋኖሶች፣ ጭንቅላታቸው የሚነቀነቅ አሻንጉሊቶችና ሆዳቸው ውስጥ ከረሜላ የሚከተትባቸው ድመቶችና ጠንቋዮች ወጡ። ሰውነታቸው ሐብሐብ ወይም ሌላ አትክልት የሆነ ሰዎችም ነበሩ። እነዚህ አትክልት ሰዎች ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ቀለም በእጅ ስለተቀባ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም። አንዱ ያዘነ፣ ሌላው የተገረመ ይመስላል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ንግዱን አቋረጠው። በ1920ዎቹ እንደገና ተጧጧፈ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ግን አበቃለት።

ፖስት ካርዶችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። በተለይ ከ1905 እስከ 1915 አሜሪካውያን በየበዓሉ ካርድ ይላላኩ ነበር። ኤለን ክላፕሳድል የሣለቻቸው ልጆችና ሳሙኤል ሽሙከር ለዊንሽ አሳታሚ የሣላቸው ውብ ሴት ጠንቋዮች እስከ ዛሬ ተፈላጊ ናቸው። ፖስት ካርድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ ቴምብርና የፖስታ ቤት ማኅተም ይኖረዋል። ዕድሜውን ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። በዚያ ሌሊት ልጆች መንገድ ላይ ወጥተው መረበሽ ይወዱ ነበር። ፋብሪካዎችም ቆርቆሮ ላይ ብርቱካናማና ጥቁር ሥዕል አትመው መጫወቻ አደረጉላቸው። እጀታው ተይዞ ሲሽከረከር የሚንጫጫ አለ። መጥበሻ የሚመስልና በትንሽ የእንጨት ኳስ የሚደለቅ አለ። ጥሩምባና ትንንሽ ከበሮም አለ። በኒው ጀርሲ ኒዋርክ የነበረው ኪርችሆፍ፣ እንዲሁም ቲ ኮን፣ ቼን እና ዩ ኤስ ሜታል ቶይ የተባሉት ፋብሪካዎች በዚህ ይታወቃሉ። በ1942 ብረት ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፈለገና የቆርቆሮ መጫወቻ ምርት ቆመ። ስኳርም እስከ 1947 ድረስ በራሽን ነበር። ስለዚህ የጦርነቱ ዓመታት ሃሎዊን ጭር ያለ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የቆርቆሮ መጫወቻው በብዛት ተመለሰ። ዛሬም ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው። ጠንካራ ነው፣ በብዛት ይገኛል፣ ዋጋውም አይጎዳም።

በዚሁ ዘመን አሜሪካውያን የራሳቸውን ፋኖስ መሥራት ጀምረው ነበር። ቁሱ የእንቁላል መያዣ ትሪ የሚሠራበት ዓይነት ወረቀት ነው። በቡፋሎ የነበረው ኤፍ ኤን በርትና ሚልዋኪ የነበረው ፐልፕ ሪፕሮዳክሽን ካምፓኒ ዋናዎቹ ናቸው። የዱባ፣ የድመትና የሰይጣን ፊት አላቸው። ሲዳሰሱ ሻካራ ናቸው። እንደ ጀርመኖቹ አይራቀቁም፣ ግን ልብ የሚነካ ነገር አላቸው።

ከ1950 በኋላ ፕላስቲክ ነገሠ። በሮድ አይላንድ ይሠሩ የነበሩት የሮስብሮ መጫወቻዎች፣ በተለይ ጎማ ያላቸውና ከረሜላ የሚይዙት፣ ዛሬ የራሳቸው አፍቃሪ አላቸው። ሞተር ሳይክል የምትነዳውን ጠንቋይ ያየ አይረሳትም። ገርሊ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ትንንሽ የድመትና የዱባ ሻማ ይሸጥ ነበር። ብዙ ሰው ማቃጠሉ አሳዝኖት በየዓመቱ እያወጣ መልሶ አስቀመጣቸው። ስለዚህ በብዛት ተርፈዋል። ልብስ ላይ ከ1937 ጀምሮ ቤን ኩፐር የተባለው ኩባንያ ገበያውን ይዞ ነበር። ስስ ልብስና የፕላስቲክ ጭምብል፣ ፊቱ ላስቲክ መስኮት ባለው ካርቶን ውስጥ። ሳጥኑ ከሌለ ዋጋው በጣም ይወርዳል። በ1982 ቺካጎ አካባቢ መድኃኒት ውስጥ መርዝ ተጨምሮ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ወላጆች የማያውቁት ሰው የሚሰጠውን ከረሜላ ፈሩ። የልብስ ንግዱም ተመታ። ከ1986 ጀምሮ ማክዶናልድስ የሰጣቸው ብርቱካናማ ባልዲዎች የብዙ ጎልማሶች የልጅነት ትዝታ ስለሆኑ አሁን እነሱም ይሰበሰባሉ።

ታዲያ የት ይገኛል? ምርጡ ቦታ ኢስቴት ሴል ነው። አረጋዊ ባለቤት ሲሞቱ ወይም ቤቱን ሲለቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። ልምድ ያለው ሰው ሳሎን አይቆምም። ቀጥታ ወደ ቤዝመንት ወይም ወደ ቆጡ ይሄዳል። የገና ጌጥ ካርቶኖችን ከሥር ይፈትሻል። የሃሎዊን ወረቀት ብዙ ጊዜ እዚያ ተደርቦ ይገኛል። ቀጥሎ የሜዳ ገበያዎች አሉ። በማሳቹሴትስ የብሪምፊልድ ገበያ ከ1959 ጀምሮ አለ። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሜይ፣ በጁላይና በሴፕቴምበር ይቆማል። ሰው ገና ሳይነጋ የእጅ ባትሪ ይዞ ይገባል። በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ደግሞ የሮዝ ቦውል ገበያ በየወሩ ሁለተኛው እሑድ ላይ አለ። የሰልባጅ ሱቆችም መታየት አለባቸው። ግን እዚያ በአብዛኛው የሚገኘው የ1970ዎቹና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

ከ1995 በኋላ ኢቤይ ሁሉን ነገር ለወጠ። ቀድሞ ብርቅ የተባለው ነገር በየጓዳው እንዳለ ታወቀ፣ ዋጋውም ወረደ። በእውነት ብርቅ የሆነው ደግሞ ፈላጊው ስለበዛ ሰማይ ነካ። አንድ ምክር፦ በኦክቶበር አትግዙ። ያኔ ዋጋው ይጦዛል። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ፈልጉ። ሻጩም ዋጋ ይቀንሳል፣ ተወዳዳሪም የለም።

ዋጋ ሲጨምር ፎርጅድ ይመጣል። አንዳንዱ ቅጂ በግልጽ ቅጂ መሆኑ ተጽፎበት ይሸጣል። ቢስል ራሱ የድሮ ዲዛይኖቹን እንደገና አትሞ ይሸጣል፣ ምልክትም ያደርግበታል። ችግሩ ሆን ብሎ በሻይ ነክሮ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ «ኦርጅናል ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያው መከላከያ ጥቁር መብራት የሚባለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ላይ የሚያነጣ ኬሚካል መጨመር ተለመደ። እንዲህ ያለ ወረቀት በጥቁር መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የ1920ዎቹ ነው የተባለ ድመት ጨለማ ውስጥ ቢያበራ ጉዳዩ አበቃ። ያላበራ ሁሉ ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም። በድሮ ወረቀት ላይ የሚያትምም አለ።

ጽሑፉም ይመረመራል። ከ1890 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ተደነገገ። «ጀርመን» የሚለው ማኅተም የዚህ ውጤት ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ካለ ከ1947 እስከ 1952 ባለው ጊዜ የመጣ ነው። ማኅተም ግን ማንም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች አረጃጀቱን ያያሉ። እውነተኛ ዕቃ የሚያረጀው እጅ በሚነካው ቦታ ነው፤ በእጀታው፣ በጠርዙ፣ በሚሰቀልበት ቀዳዳ። ሻማ የበራበት ፋኖስ ውስጡ ጥላሸት ይኖረዋል። ሁሉም ቦታ እኩል የቆሸሸ ዕቃ ያጠራጥራል።

አያያዙ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ብርቱካናማውን ቀለም ይበላዋል። እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል። ሙጫው ውስጥ ዱቄት ካለ አይጥም ይወደዋል። ተራ ፕላስተር መለጠፍ ትልቅ ስህተት ነው። ዓመታት ቆይቶ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ወረቀቶች አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ተዘርግተው ይቀመጣሉ። የፋኖሱ የዓይን ወረቀት ቢቀደድም አይነሳም። ኦርጅናሉ ያለበት ፋኖስ አዲስ ከተለጠፈበት ይበልጥ ዋጋ አለው። ሻማ በፍጹም አይበራበትም። ውስጡን ማየት የሚፈልግ ትንሽ የባትሪ መብራት ያስገባል።

ሲገዙ መጠየቅም ያስፈልጋል። ዕቃው የማን ነበር? የት ቤት ተሰቀለ? ልጆቹ የለበሱበት ፎቶ አለ? ሻጩ የሟቿ ልጅ ከሆነች ብዙ ጊዜ ደስ ብሏት ታወራለች። የነገረችውን በእርሳስ ትንሽ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ቀኑንና ከተማውን መጨመር፣ ከዚያም ከፋኖሱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ መክተት ነው።