ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ሰፈር ዘላቂነት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ሰፈር ሲመርጥ አስፋልቱን፣ የግቢውን ስፋት፣ ለሐይቁ ያለውን ቅርበት ያያል። የሰፈር ዘላቂነት ምዘና የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በኋላም ውሃውን ሳይበክል፣ ድሃውን ሳያፈናቅልና የነዋሪውን ኪስ ሳያራቁት ሰው ማኖር ይችላል ወይ? ከዚህ ጋር የማይሄዱ፣ ግን ሁሌ የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«ዘንባባ የሞላባት ከተማ፣ ከዚህ በላይ ምን አረንጓዴ አለ?»

ዘንባባዎቹን እወዳቸዋለሁ። ግን የዋናው ጎዳና ዘንባባ ስለ እናንተ ሰፈር ምንም አይናገርም። በአገራችን የከተማ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለ። በሰፈራችሁ ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት፣ አዛውንት ጥላ ስር የሚቀመጥበት የጋራ ቦታ አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ ዘንባባው አያካክሰውም።

«ጣና አጠገባችን እያለ ውሃ አያሳስበንም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቧንቧችን ውሃ በዋናነት የሚመጣው ከጣና ሳይሆን ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ማለትም የምንጠጣው ከመሬት ስር ያለውን ነው። ከተማዋ ደግሞ ሁሉን ቤት የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው። በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ሲመጣ፣ በተለይ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ቆሻሻውም ወደ ጎን ይሰርጋል፣ እዚያው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ ቧንቧ ሲጠፋ የሚቀዳበት በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሰፈር ሲመዘን በሽንት ቤቱና በውሃ ጉድጓዱ መካከል ስንት ሜትር እንዳለ፣ የሽንት ቤት መጣጩ መኪና የጫነውን የት እንደሚደፋ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሐይቁም ቢሆን ከእኛ ሰፈር የተለየ አይደለም። የሐይቁ ዳር ደንገል፣ ማለትም ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ ያስቀራል። ደንገሉ ተነቅሎ መዝናኛ ሲሠራበት ግን ጎርፉ ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ደግሞ የሚፋፋው ከእርሻ ማዳበሪያና ከፍሳሽ በሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መመዝገቡ ደስ ይላል፣ ግን የማንንም ሰፈር ፍሳሽ አያቆምም።

«ዳር ወጥቶ ሰፊ ግቢ መሥራት ነው የሚያዋጣው»

ለአንድ ቤተሰብ ሊያዋጣ ይችላል። ለከተማ ግን ውድ ነው። ቤቶች ተራርቀው ሲሠሩ ለጥቂት አባወራ ረጅም ቧንቧ፣ ረጅም መብራት መስመር፣ ረጅም መንገድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ላይ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ባጃጅ ይያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የከተማ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ዩኤን ሃቢታት፣ ለዘላቂ ሰፈር በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 15,000 ሰው እንዲኖር፣ ከወለል ስፋቱም ቢያንስ 40 በመቶው ለሥራና ለንግድ እንዲውል ይመክራል። ይህን ያነበበ ሰው የድሮዎቹን የቀበሌ ሰፈሮች በሌላ ዓይን ያያቸዋል። ጉሊቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረስባቸዋል።

«የድሮ ሰፈር ፈርሶ ቢታደስ ነው የሚሻለው» የሚሉም አሉ። ቤቱ እንዲሻሻል፣ ሽንት ቤቱ እንዲስተካከል እኔም እፈልጋለሁ። ግን ሲፈርስ እድሩም ይበተናል፣ በዱቤ የሚሰጠው ሱቅም ይጠፋል፣ ይህ ደግሞ በምዘና ውስጥ ማኅበራዊ ዘላቂነት ተብሎ የሚቆጠር ነገር ነው። በሐይቁ ዳር ታንኳ በደንገል እየሠሩ የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከዳሩ ቢርቁ ኑሯቸውም አብሮ ይርቃል። አካባቢውን አሳምሮ ነዋሪውን የሚገፋ ልማት በእኔ እምነት ዘላቂ ሊባል አይገባም።

«ብስክሌት ባጃጅ መክፈል ላቃተው ነው»

ኧረ በፍጹም! ሜዳ ከተማ፣ አጭር ርቀት፣ ብስክሌት መንዳት የለመደ ሕዝብ፤ ይህን የሚመኙ ከተሞች ብዙ ናቸው። ያለንን መጠበቅ ነው የቀረን።

«የውጭ ሰርተፊኬት ያገኘ ሰፈር አለቀለት»

የአሜሪካው ሊድ፣ የእንግሊዙ ብሪያም፣ የጃፓኑ ካስቢ ለሰፈርም የሚሆን መመዘኛ አላቸው። ብዙ የምንማርበት አለ። ነገር ግን የተዘጋጁት ቧንቧ ሲከፈት ውሃ መምጣቱ በማያጠራጥርበት አገር ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣበት ሰፈር፣ ስለ ጉሊት፣ ስለ እድር እንዲጠይቁ መጠበቅ አይቻልም። ደግሞ አንዳንዱ ነጥብ የሚሰጠው ገና በወረቀት ላይ ላለ ፕላን ነው፣ ሰው ገብቶ ሲኖርበት ምን እንደሚሆን ሳይታይ።

«ይሄ የኢንጂነር ሥራ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ግማሹን እናንተ ትችላላችሁ። ከቤታችሁ እስከ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ማቆሚያ ከ500 ሜትር በላይ ከሆነ በዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት መለኪያ ትራንስፖርት በቅርብ አላችሁ አይባልም። ይህን በእግር ሄዶ ማወቅ ይቻላል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጀሪካን የምትሸከመው ልጅ ከማንም በላይ ታውቃለች። የሰፈራችሁን የጎርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ሊያይ የሚመጣ ባለሙያ ካለ ደግሞ ጥር ላይ ሳይሆን ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት እንዲመጣ ጠይቁት።