«ራጁ ጥሩ ነው» እና ሌሎች የጨቅላ ክፍል ወሬዎች

ባሕር ዳር በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስሠራ፣ በርክክብ ሰዓት እንደዚህ ዐረፍተ ነገር የሰለቸኝ የለም፦ «የእትብቱ ካቴተር ራጁ ጥሩ ነው።» ካቴተሩ በእትብት ደም ሥር የምናስገባው፣ መድኃኒትና ፈሳሽ የምንሰጥበት ቀጭን ቱቦ ነው፤ ራጁ ደግሞ ጫፉ የት እንዳረፈ የምናይበት። መቼ የተነሣው ራጅ? ስል «ያው የገባ ቀን» ይሉኛል። የገባው ማክሰኞ ነው፤ የምንረካከበው ዓርብ።

ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ቀላል ቀላሎቹን ላራግፍ።

«አልትራሳውንድ ጨረር አለው።» የለውም። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ጨረር ያለው ራጁ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም።

«ካቴተሩ በእትብት ሲገባ ሕፃኑን ያሠቃየዋል።» የእትብቱ ጉማጅ ሕመም አይሰማውም። ዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ይሰማዋል፤ ስለዚህ ስትሰፉ ቆዳውን አትውጉ።

«አልትራሳውንድ ለእርጉዝ ነው።» ከዘጌ የመጡ አንዲት አያት ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ) የልጅ ልጃቸው ሆድ ላይ ሳስቀምጥ አይተው «ዶክተር፣ ደሞ ይቺ ምን ልትወልድ ነው?» ብለውኛል። ከእማማ ስሰማው ሳቅሁ። ከባለሙያ ስሰማው ግን አያስቀኝም።

«በክብደቷ አስልተን ነው ያስገባነው።» ካቴተሩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚገባ መገመቻ ነው፦ ኪሎውን በ3 ማባዛት፣ 9 መደመር፣ ለ2 ማካፈል፣ 1 መጨመር፤ ለ1.2 ኪሎ ሕፃን 7.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መነሻ ግምት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የጉማጁን ርዝመት መደመር የሚረሳውም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ራጁ። ካቴተሩ በእትብቱ ደም መላሽ ሥር ገብቶ፣ ጉበት ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ ከታች ወደ ልብ በሚወጣው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይሄዳል። ጫፉ እንዲያርፍ የምንፈልገው ልክ በቀኙ የልብ የላይኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ራጅ ያንን ደጃፍ አያሳይም። የሚያሳየው አጥንትና ነጭ መስመር ነው፤ እኛ አከርካሪ ቆጥረን «8ኛውና 9ኛው መካከል ነው፣ ጥሩ ነው» እንላለን። የልብ ደጃፍ በሁሉም ሕፃን አንድ አጥንት ላይ አልተቸነከረም። ደግሞም ራጅ ጠፍጣፋ ነው። ከጣና ዳር ቆማችሁ ስታዩ ታንኳው ደብረ ማርያም ደሴት የደረሰ ይመስላል፤ ገና መሀል ውኃ ላይ ነው። ጫፉም እንዲሁ፣ በልብ ግድግዳ ቀዳዳ አልፎ ወደ ግራ ተሻግሮ ሳለ በራጅ ያማረ ሊመስል ይችላል።

ይህ ሁሉ ገና የመጀመሪያው ቀን ጣጣ ነው። እትብት ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ፕላስተር ይላቀቃል፤ ሆድ ይነፋል። ካቴተሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወደ ውስጥ ከገባ የልብን ምት ያዛባል፤ አልፎ አልፎም የልብ ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ ይሞላል። ወደ ኋላ ከተሳበ ወፍራሙ ግሉኮስና ካልሲየሙ ቀጥታ ጉበት ላይ ይፈስሳል።

የእኚያ አያት የልጅ ልጅ ጉዳይ ይኸው ነበር። በሰባት ወሯ የተወለደች፣ ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስን የሚያግዝ መሣሪያ) ላይ ያለች ልጅ። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ። «የሲፓፕ ሆድ ነው፣ አየሩ ነው የነፋት» ተባለ፤ እኔም ተቀበልኩ። ማታ ዙር ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን በቀኝ በኩል ጠጠር አለብኝ። ፕሮቡን ሳስቀምጥ የካቴተሩ ጫፍ ጉበት ውስጥ ነው፤ ዙሪያው እንደ ኖራ ነጥቷል። ካርዷን ገለጥኩ፦ «ቦታው ልክ ነው» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ካቴተሩን አውጥተን በእጇ ደም ሥር ሌላ መስመር ከፈትንላት፤ ጉበቷም በሳምንታት ውስጥ አገገመ።

ስለዚህ በኔ ተራ የካቴተሩ ቦታ በአልትራሳውንድ እንዲህ ነው የሚታየው፦ ፕሮቡ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር፣ በቁመቱ። ጉበትን፣ ትልቁን ደም መላሽ፣ የልብን ደጃፍ በአንድ ምስል ማግኘት። ጫፉ ካልለየ ንጽሕናውን ጠብቆ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) በካቴተሩ መስጠት፤ ትናንሽ አረፋዎች ብልጭ የሚሉበት ቦታ ጫፉን ይነግራችኋል። በማግስቱ ድጋሚ፣ ሆድ ሲነፋ ድጋሚ፣ ፕላስተር ሲቀየር ድጋሚ። ጠልቆ ከተገኘ ወደ ኋላ ይሳባል። አጥሮ ከተገኘ ግን መልሶ መግፋት የለም፤ ውጭ የቆየው ክፍል ንጹሕ አይደለም።

«እንግዲያው ራጅ ይቅር» የሚሉ ወጣቶችም መጥተዋል። አይቅር። ሳንባውንና የመተንፈሻ ቱቦውን ማን ሊያሳያችሁ ነው? አንጀት አየር ሲሞላ አልትራሳውንድም ይጋረዳል፤ ያልሠለጠነ እጅ ደግሞ ያልሆነውን ሁሉ ካቴተር ነው ይላል።

«ጄሉ (ፕሮቡ ላይ የሚቀባው) ሕፃኑን ያቀዘቅዘዋል» የሚሉት ሲስተሮች ግን ልክ ናቸው። ኪሎ ከምናምን ለሆነች ልጅ ቀዝቃዛ ጄል ቀልድ አይደለም። እኔ የጄሉን ቱቦ ከዙር በፊት ጋውኔ ኪስ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።